የቆመው ቃሬዛ

ከሁሉ አስቀድሜ ሰዎቹን ልጥራ። አያ እንድሪስ፦ የሐይቁ ዓሣ አጥማጅ፣ የቃሬዛ ማኅበራችን መሥራችና አለቃ፣ ዛሬ በሕይወት የሌሉ። ተፈራ፦ ወፍጮ ቤት ይሠራ የነበረ፣ ቁመቱ አጭር፣ ምላሱ ረጅም። ሰይድ፦ ከአምባሰል ገደል ሥር ካለ መንደር የመጣ ገበሬ፣ በግራ ትከሻው ብቻ የሚሸከም። ሐዋ፦ የሰይድ ሚስት። ብርሃኑ፦ የበኩር ልጄ፣ ማኅበሩን በሊቀ መንበርነት የተረከበ። ሙሉ፦ በሕይወቴ አንድ ቀን ብቻ ያየኋት ሴት። እኔ፦ ሞላ፣ አናጢ፣ አሁን ጡረተኛ።

ይህን የምጽፈው ተናድጄ ነው፤ ለንዴቴም ይቅርታ አልጠይቅም። ማኅበራችን ረጅም ዘመን አገልግሏል ተብሎ ሐይቅ ከተማ ላይ በዓል ተደገሰለት። በበዓሉ የታደለው ባለቀለም ወረቀት ስለ እኛ ብዙ ደግ ነገር ይላል፤ ደግ ደጉ እውነት ነው። ከመካከሉ ግን አንድ መስመር አለ፦ «በማኅበሩ የአገልግሎት ዘመን የአንድም ታማሚ ሕይወት መንገድ ላይ አላለፈም»። ይህ ውሸት ነው። የጻፈው ልጄ ነው። እንግዲያው እኔም የማውቀውን እጽፋለሁ።

ትምህርት ቤት አልገባሁም። ፊደል የቆጠርኩት በመንገድ ሥራ ካምፕ፣ ከሲሚንቶ ከረጢትና ከመኪና በር ላይ ነው። ውጫሌ፣ ውርጌሳ፣ መርሳ፤ ድልድይ በተሠራበት ሁሉ ሲሚንቶ የሚፈስበትን የጣውላ ፎርማ ስመታ ኖርኩ። ደመወዙን እተወዋለሁ፤ ሲነሳም ያሳፍራል። አለቆቼ ሁለት ዓይነት ነበሩ። አንደኛው ጣውላ መጣመሙን ከሩቅ በዓይኑ የሚያውቅ፣ ሁለተኛው ከመኪናው የማይወርድ። ከመጀመሪያው ሙያ ተማርኩ፤ ከሁለተኛው ትዕግሥት ተማርኩ ብል ግን ዋሸሁ፤ የተማርኩት ንዴት ነው። ካምፑ ሲዘጋ ሐይቅ ተመልሼ በር፣ አልጋና የሬሳ ሳጥን መሥራት ያዝኩ።

አያ እንድሪስ ወደ ሱቄ የመጡት አንድ የሬሳ ሳጥን ላይ ሚስማር ስመታ ነው። ልብሳቸው ዓሣ ዓሣ ይሸታል። ቆመው አዩኝና፣

«ሞላ፣ ይኸን ነገር አሳምረህ ትሠራለህ አሉ» አሉኝ።

«እሠራለሁ።»

«ሰው ሳጥን ውስጥ ከመግባቱ በፊት የሚተኛበትንስ?»

መጀመሪያ አልጋ የፈለጉ መስሎኝ ነበር። ከዚያ ተቀምጠው ነገሩን አስረዱኝ። እኛ አገር ሰው ሲሞት ቅሬ አለ፤ እስላም ክርስቲያን ሳይል አገሩ ሁሉ ወጥቶ ይቀብራል። ሰው ሲታመም ግን ዘመዱ ትከሻ ፍለጋ ደጅ ለደጅ ይዞራል። ያንደኛው ልጅ እርሻ ላይ ነው፣ የሌላኛው ወገቡን ያመዋል። ትከሻ እስኪሟላ በሽተኛው ያልፍና ያን ጊዜ ትከሻው ሁሉ ከየት እንደመጣ ሳይታወቅ ይሞላል። «ለሬሳ የሚሮጥ አገር ለነፍስ ቢሮጥ ምን አለበት?» አሉኝ። ማኅበሩ የተመሠረተው በዚህ ጥያቄ ነው። በተጠራን ጊዜ እንሄዳለን፤ የማን ዘመድ ነው አንልም፤ ከበሽተኛው ቤት እህል አንቀምስም። ሕጉ ይኸው ነበር።

ቃሬዛ መሥራት ቀላል ይመስላል። አይደለም። ወይራ ጠንካራ ነው፣ ግን ዘንጉ ራሱ አንድ በሽተኛ ያህላል። ባሕር ዛፍ ቀላል ነው፣ ግን ፀሐይ ላይ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። ልጡን ሳልልጥ ጥላ ውስጥ ማድረቅን በብዙ ብልሽት ተማርኩ። ሲደርቅ እልጠዋለሁ፣ እስኪለሰልስ በመላጊያ እመታዋለሁ፣ ጫፍና ጫፉን በሽቦ አስረዋለሁ። መኝታውን መጀመሪያ በጠፍር ሠራሁት፤ ጠፍር ዝናብ ሲነካው ይለጠጥና በሽተኛው መሐል ላይ እንደ ጆንያ ይሰበሰባል። አያ እንድሪስ ጠፍሩን ቆርጠው ጣሉትና መኝታውን በመረብ ገመድ እንደ ዓሣ መረብ ሠሩት። ውኃ ያሳልፋል፣ አይረግብም፣ ጀርባም አይቆርጥም።

ሰዉን ደግሞ በሸምበቆ ይለኩ ነበር፤ ቁመቱን አይደለም፣ ትከሻውን። ሁለቱ የፊት ተሸካሚዎች ትከሻቸው እኩል ካልሆነ በሽተኛው አቀበቱን ሙሉ ወደ አንድ ጎን ሲንሸራተት ይወጣል። ተፈራ አጭር ስለሆነ አቀበት ላይ ፊት፣ ቁልቁለት ላይ ኋላ ነበር የሚያስገቡት። «እኔን የፈጠረኝ ለአምባሰል ነው፤ ሜዳ አገር ብወለድ ምን ያደርጉኝ ነበር?» ይል ነበር። ፊት ያለው «ድንጋይ!» ሲል ኋላ ያለው እግሩን ያነሣል። ትከሻ የሚቀየረው እየተሄደ ነው፤ ተለዋጩ ከዘንጉ ሥር ገብቶ ይቀበላል፣ የደከመው በጎን ይወጣል። አያ እንድሪስ ራሳቸው ከበሽተኛው ራስ አጠገብ እየሄዱ ያጫውቱታል። ስለ በሽታው አንድ ቃል አይናገሩም። ስለ በሬው፣ ስለ ልጆቹ፣ ስለ ዝናቡ። «የሚመልስ ሰው አይሞትም» ይሉ ነበር። ይህ እንኳ ሁልጊዜ እውነት አልነበረም።

ስንቱን አወረድን! እግራቸው የተሰበረ መነኩሴ ከሐይቅ እስጢፋኖስ አውጥተናል፤ ከተሸካሚዎቹ ግማሻችን እስላም ነበርን፤ እሳቸውም መንገዱን ሁሉ ሰይድን «ልጄ ሰይድ» ሲሉ ሄዱ። በግሸን ንግሥ ሰሞን ከአቀበቱ የወደቀውን ምእመን ሁሉ የምናወርደው እኛ ነበርን። አንድ ጊዜ ከሩቅ ከተማ የመጣ ነጋዴ፣ የደለበ ሰንጋ የሚያህል ሰው፣ መንገድ ዳር ተጋድሞ «ልቤን፣ ልቤን» አለ። ተፈራ ዞር ዞር ብሎ አየውና፣

«ጌታዬ፣ ማርያምን ሊሳለሙ ነው የመጡት ወይስ እኛን ሊጨርሱ?» አለው።

አያ እንድሪስ የእጁን ትርታ ያዙ፣ ትንፋሹን አዳመጡ፣ ውኃ አጠጡት። «አብሽር፣ ምንም አልሆንክ። ያመመህ ድካም ነው። ድካም በእግሩ ይወርዳል» ብለው አስነሱት። ሰውየው ተሳድቦ ተሳድቦ በእግሩ ወረደ። ቃሬዛው ለሚያስፈልገው ብቻ ነው፤ ይህንንም የተማርኩት ከእሳቸው ነው።

አሁን ልጄ ከወረቀቱ ያስቀረውን ልናገር።

የወሎ ሰው ምርቃት አይጠግብም። በሽተኛ ይዘን ስናልፍ ያየን ሁሉ ከቤቱ ይወጣል፤ እኛም ቃሬዛውን እናወርዳለን፣ ሰዉ እጁን ዘርግቶ ይመርቃል፣ አሚን እንላለን፣ እናነሣለን። ምርቃት አልፎ መሄድ ኩራት ነበር፣ ነውር ነበር። ማንም አላስተማረንም፣ ማንም አልጠየቀንም።

ሐዋ ከወለደች በኋላ ደም አልቆም አላት። ልጇን ከእናቷ ዘንድ ትተን ይዘናት ወረድን። ሰይድ ባሏም ተሸካሚዋም ነበር። የሐይቅ ገበያ የሚውልበት ቀን ስለነበር ከገበያ የሚመለሰው ሁሉ በመንገድ ያገኘናል። ሁሉም ይመርቃል። እኛም እናወርዳለን። ግማሽ መንገድ ስንደርስ ዱዓቸው ሰማይ ይደርሳል የሚባሉ ሸህ ደጃቸው ላይ ቆመው አገኘናቸው። አያ እንድሪስ አመነቱ። ሰይድ ነው የለመነው።

«አያ እንድሪስ፣ አፈር ስሆን! እሳቸውን አልፈን? ዱዓ ያስፈልጋታል እኮ!»

አወረድናት። ሸሁ ከልባቸው ለመኑ፣ ረጅም ለመኑ፤ እንባቸው ይወርድ ነበር። ሐዋም አሚን አለች፤ ድምፅዋ ከሩቅ እንደሚጣራ ሰው ነበር። ስናነሳት እኔ ኋላ ነበርኩ፤ ዓይኔ ወደ መሬት ሄደ። ከመረቡ ሥር የነበረው ሣር ቀልቷል።

ሐይቁ ከላይ ወደሚታይበት መታጠፊያ ስንደርስ አያ እንድሪስ «ሐዋ፣ ውኃው ይታይሻል?» ብለው ጠየቋት። አልመለሰችም።

ከለቅሶው በኋላ አያ እንድሪስ ሁላችንንም ሐይቁ ዳር ሰበሰቡን። «ከዛሬ ጀምሮ ቃሬዛ አይቆምም። መራቂ ይከተል» አሉ።

አንዱ «ሸሆቹስ? ቄሶቹስ?» ብሎ ጠየቀ።

«እግር የላቸውም?»

ለሸሁ ራሳቸው ሄደው ነገሯቸው። ሸሁ ብዙ ቀን ከቤት አልወጡም አሉ። በቀጣዩ ጉዟችን ግን በደጃቸው ስናልፍ በዘንጋቸው እየተደገፉ ወጥተው ከቃሬዛው ጎን ጎን እየተራመዱ መረቁ። ተፈራ ከኋላ ሆኖ «ያ ሸህ፣ ምርቃቱን ያሳጥሩት ወይ እርምጃውን ያስረዝሙት!» ሲል፣ እያለከለኩ ሳቁ። ከዚያ በኋላ አገሩ ሁሉ ለመደ። ዛሬ በዚያ መንገድ ላይ ቃሬዛ ሲያልፍ አሮጊቶች ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አስረው፣ እጃቸውን ዘርግተው፣ እየሮጡ ይመርቃሉ። ከሌላ አገር የመጣ ሰው አይቶ ይስቃል። እኔ ግን አልስቅም። በነፍስ የተገዛ ሥርዓት ነው። ማኅበራችን ከሠራው ሁሉ ትልቁ ነገር ይህ ነው፤ በባለቀለም ወረቀቱ ላይ ደግሞ የለም።

አያ እንድሪስ ሲሞቱ አለቃ እኔ ሆንኩ። ትከሻዬ እምቢ ሲል ለወጣቶች አስረከብኩ፤ እነሱም ብርሃኑን መረጡ። እኔ አልመረጥኩትም፤ እውነቱ ይነገር ካልን ግን ኮርቼ ነበር። ልጄ የተማረ ነው፣ ሰው ማናገር ያውቃል። ስልክ ያላቸውን አደራጀ፤ ከተራራው በላይ አንድ፣ ከመሐል አንድ፣ ሐይቅ አንድ፣ ሦስት ቃሬዛ በየቦታው አስቀመጠ። አምቡላንስ እስከሚገባበት ድረስ እኛ፣ ከዚያ ወዲህ መኪና። ጥሩ ሥራ ነበር። ከዚያ ጎርፍ ላይኛውን መንገድ ቆረጠው፤ አምቡላንሱ ግማሽ መንገድ ላይ መቆም ጀመረ። ብርሃኑ መንገዱን ለማስጠገን ቢሮ ለቢሮ ሲመላለስ ከረመ። በመጨረሻ አንድ ትልቅ ባለሥልጣን፣ በዓል ከተዘጋጀ እመጣለሁ ብለው ቃል ገቡለት። በዓሉ የተወለደው እንዲያ ነው።

ለበዓሉ ሦስቱንም ቃሬዛዎች አስመጣ። ሰማያዊ ቀለም አስቀባቸው! ዘንግ ቀለም አይቀባም፤ ላብ ሲነካው ከትከሻ ላይ እንደ ሳሙና ያንሸራትታል። ብነግረው «አባዬ፣ ለፎቶ ነው፤ በኋላ ይፋቃል» አለኝ። ከየመንደሩ ጠንካራ ጠንካራዎቹን ተሸካሚዎች ሁሉ ለምስክር ወረቀት አወረደ። ቃሬዛዎቹ መድረክ ላይ ሪባን ተጠምጥሞባቸው ቆመው ነበር። በመርሐ ግብሩ መሠረት ሪባኑን እንግዳው ይቆርጣሉ፣ ቃሬዛው ከክብር እንግዶች ፊት ይቆማል፣ እዚያው ቆሞ ይመረቃል።

ሰይድ አጠገቤ ተቀምጧል። ማንበብ ስለማይችል ወረቀቱን ሰጠኝ። ያችን መስመር ሳልዘል አነበብኩለት።

«ታዲያ ሐዋ የት ሞተች?» አለኝ።

ብርሃኑን ጠራሁት። «ይህን ማን ጻፈው?»

«አባዬ፣ የበዓል ቀን ነው። እንግዳው የሚያነቡት ነው። ሰው ሞቶብናል እያልን መንገድ ስንለምን…»

«መንገድ የሚለመነው ሰው ሞቶብናል ተብሎ አይደለም እንዴ!»

«ቀስ በል፣ ሰው ይሰማል።»

«ይስማ! ይህ ሰው ሚስቱን የቀበረው በወሬ ነው?»

የብርሃኑ ስልክ ጮኸና ይዞት ወጣ። ተመልሶ መድረክ ላይ ቆመ፤ እንግዳው መንገድ ላይ ናቸው፣ ጥቂት እንታገሥ አለ። ታገሥን። ሙዚቃ ተከፈተ፤ ወጣቶቹ አዲስ ቲሸርታቸውን ለብሰው ከቃሬዛው ጋር ፎቶ ይነሣሉ። ስልኩ እንደገና ጮኸ። ያን ጊዜ ወደ እኔ ሲመጣ ፊቱ ሌላ ነበር።

«አባዬ፣ ላይኛው መንደር ሙሉ የምትባል ሴት ምጥ ላይ ናት። የልጁ እጅ ቀድሞ ወጥቷል። አምቡላንሱ የተቆረጠው መንገድ ላይ ቆሟል።»

«የላይኛው ቃሬዛስ?»

ቃሬዛው ከነሪባኑ መድረኩ ላይ ከፊቴ ቆሞ ነበር። ተሸካሚዎቹም ከፊቴ ቆመው ነበር።

«አሁን ነው የተደወለው?»

ዓይኑን ሰበረ። «የጤና ሠራተኛዋ ቀድሞም ደውላ ነበር። እንግዳው ሐይቅ ገብተዋል ብለውኝ… ሪባኑን ይቁረጡና ወዲያው እንላክ ብዬ ነበር። መንገዱን የሚሠሩልን እኮ እሳቸው ናቸው፣ አባዬ!»

ሰይድ ሰምቷል። መድረኩ ላይ ወጥቶ ሪባኑን በጥርሱ በጠሰው። ተፈራ፣ አሁን በምርኩዝ የሚሄደው ተፈራ፣ «እንግዳው ሲመጡ በመቀሱ ጥፍራቸውን ይቁረጡበት!» ብሎ ጮኸ። ማንም አልሳቀም። ወጣቶቹ ግን ተነሱ፤ ይህን አልክድም፤ አንድም የቀረ አልነበረም።

በፒካፕ ስንወጣ ከኋላ ተቀምጬ ትከሻ የሚያርፍበትን ቀለም በካራ ፋቅሁ። ሌላ የምችለው ሥራ አልነበረኝም። የተቆረጠው መንገድ ላይ ስንደርስ እነሱ ቃሬዛውን ይዘው ሮጡ፤ እኔ ከአምቡላንሱ ሹፌር ጋር ቀረሁ። ሹፌሩ «አይቆዩም?» ይለኛል። «አይቆዩም» እለዋለሁ።

ከተራራው መታጠፊያ ብቅ ሲሉ ከፊት ተሸካሚዎቹ መካከል ሰይድን አየሁት፤ በግራ ትከሻው። እድሜው ለዚያ አይፈቅድም። ኋላ ብርሃኑ ነበር፤ ከረባቱን እንኳ አልፈታም። አሮጊቶቹ በግራና በቀኝ እጃቸውን ዘርግተው ይሮጣሉ። ቃሬዛው አልቆመም። ሰይድ ያለማቋረጥ ያወራታል፤ ሲቀርቡ ሰማሁት፣ «ጤፉ ዘንድሮ እንዴት ነው፣ እቴ ሙሉ? ዘርታችኋል?» ይላት ነበር። እሷም «ዘርተናል» አለች።

ሙሉ ተረፈች። አብራት የወረደችው የጤና ሠራተኛ፣ ገና ልጅ እግር ናት፣ ከሐኪም ቤቱ ደጅ ቆማ ለብርሃኑ እንዲህ አለችው፦ «መጀመሪያ የደወልኩ ጊዜ ልጁ ይንቀሳቀስ ነበር።» ለመውቀስ አይደለም የተናገረችው። ድካም አናግሯት ነው። ልጄ ግድግዳውን ይዞ ቆመ።

እንግዳው፣ ከሄድን በኋላ ደርሰው ለባዶ ወንበሮች ንግግር አድርገው ሄዱ አሉ።

ልጄን አልመታሁትም፣ አልረገምኩትምም። ሐሳቡ ክፉ አልነበረም። ክፉ ሐሳብ ቢኖረው ኖሮ ይህን ያህል አልናደድም፤ ከክፉ ሰው ምን ይጠበቃል? መንገድ ፈልጎ ነው። ግን ወንድሞቼ፣ ልጆቼ፣ ስሙኝ፤ ነገ ለሚመጣው መቶ ሰው ብሎ ዛሬ የሚጣራውን አንዱን ያስጠበቀ ሰው መቶውንም አያገኝም። በጎ ሥራ ለመታየት የቆመ ዕለት በጎነቱ ይቀራል። እኛ ደግሞ መቆም ምን እንደሚያስከፍል አስቀድመን እናውቅ ነበር። ልጄ ያንን ከወረቀቱ ሲፍቅ፣ ከራሱም ልብ ፋቀው። የምናደደው በዚህ ነው።

በዓሉ ስንት ፈጀ እያሉ የሚጠይቁ አሉ። የድንኳኑንና የቀለሙን ሌላ ሰው ይንገራቸው። እኔ የማውቀው ድምር ይህ ነው። መንገዱ ዛሬም እንደተቆረጠ ነው። ሰይድ ሲጠራ ይሸከማል እንጂ ከማኅበሩ ስብሰባ ወጥቷል። ብርሃኑ ወንበሩን ለቅቆ ተራ ተሸካሚ ሆኗል፤ እቤቴ ሲመጣ ከደጅ ሰላም ብሎኝ ይመለሳል፣ እኔም ግባ የምልበት አፍ አላገኘሁም። ሙሉ፣ ጡቷ ወተት አግቶ፣ ባዶ እጇን ወደ ተራራዋ ወጣች። እና አንድ ወንድ ልጅ፣ ስም ሳይወጣለት።